ቅኝ አልተገዛንም ስንል
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ምሽት የተሰጠኝ ርእስ «የአውሮፓ ኢምፔሪያሊዝም በቅኝ በተገዙ ሕዝቦች ኑሮ ላይ ያደረሰው ጉዳት» የሚል ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ ጓደኛዬ አነበበና ሳቀ። «ይህማ የኬንያና የኮንጎ ልጆች የሚናገሩበት ነው፤ አንተን ምን አገባህ? እኛ መቼ ተገዛንና!» አለኝ። በቦታው መልስ አልሰጠሁትም። መልሱን ዛሬ ይዤለት መጥቻለሁና ከመካከላችሁ ተቀምጦ ከሆነ በትዕግሥት ይስማኝ።

ጓደኛዬ ያለው ነገር ሐሰት ነው አልልም። የበርሊን ጉባኤ በ1877 ዓ.ም. የአፍሪካን መቀራመት የሚመራ ደንብ ካወጣ በኋላ በሠላሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከኢትዮጵያና ከላይቤሪያ በቀር ከአውሮፓውያን እጅ የተረፈ አገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእኛው የዋጉ ዋግሹም ጓንጉልም ጦራቸውን ይዘው ከዘመቱት መኳንንት አንዱ ነበሩ። በዚህ መኩራት ይገባል፤ እኔም እኮራለሁ። ነገር ግን «አልተገዛንም» የሚለው ቃል እየቆየ ሲሄድ መጋረጃ ሆነብን። ኢምፔሪያሊዝም ማለት የባዕድ ባንዲራ የተተከለበት ምድር ብቻ ይመስለናል። ባንዲራው ሳይተከል፣ ወይም ለ5 ዓመት ብቻ ተተክሎ ሲነቀል፣ በገበሬው በረት፣ በጎተራውና በእርሱና በጎረቤቱ መካከል ምን እንደ ሠራ አንጠይቅም።

እኔ ስለ አፍሪካ ሁሉ ለመናገር ዕውቀቱ የለኝም። ስለ አገሬ ስለ ዋግ ልናገር። የተወለድሁት ዝቋላ ነው። ዝቋላ ስል የአቡዬን ገዳም ተራራ ያሰባችሁ ትኖራላችሁ፤ ያ በሸዋ ነው። የእኔው ዝቋላ በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሲወረድ የሚገኘው አገር ነው። ሕዝቡ አገው ነው፤ ቋንቋው ኽምጥኛ ነው። በዚህ ጥግ ያለ አገር ኢምፔሪያሊዝም የሚባለው ነገር ምን አድርሶት ነው ትሉ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደርሷል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በእኛ አቈጣጠር ነው።

መጀመሪያ የመጡት ለመግዛት አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል የእንግሊዝና የህንድ ወታደር፣ 44 ዝሆንም ጭምር ይዞ ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሣ። በትግራይ ደጋ፣ በአሸንጌ፣ ከዚያም የዋግንና የላስታን ምድር እያቋረጠ ወደ መቅደላ ሄደ። በዚያን ጊዜ ዋግን ይዘው በቴዎድሮስ ላይ የሸፈቱት ዋግሹም ጎበዜ ናቸው። አባታቸውን ቴዎድሮስ ሰቅለውባቸው ነበርና የጠላታቸውን ጠላት የሚወጉበት ምክንያት አልታያቸውም፤ አሳለፉት። የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫም አሳለፉት፤ ስንቅም እንዲሸጥለት አደረጉ። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ ሞቱ። እንግሊዞች የመቅደላን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ አቀረቡት፤ ከብራናዎቹ 350 ያህሉ ዛሬም በለንደን አሉ። ከዚያ በመጡበት መንገድ ተመለሱ። አንድ ጋሻ መሬት አልያዙም።

ታዲያ ዘርፈው መሄዳቸው ነው እንጂ ምን አደረጉን? ሲመለሱ ለካሣ 12 መድፍና 850 ያህል ጠመንጃ ከነጥይቱ ሰጧቸው። ለጎበዜ አልሰጡም። ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ሚስታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ የካሣ እኅት ነበሩ። እንግዲህ በሁለቱ መካከል የነበረው ጠብ የአማቾች ጠብ ነበር ማለት ነው። አማች ከአማቹ ሲጣላ አገራችን የምታውቀው መላ አላት፤ ሽማግሌ አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ ጋብቻው ራሱ አለ። መድፍ ግን ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አይጠብቅም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ በአሰም ተገናኙ። የተክለ ጊዮርጊስ ጦር 60,000፣ የካሣ ጦር 12,000 ያህል ነበር ይባላል። የካሣን ወታደር ግን ጆን ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊ አሠልጥኖት ነበር። ብዙው በጥቂቱ ተሸነፈ። ተክለ ጊዮርጊስ ተማርከው እንደ ታሰሩ ሞቱ፤ ካሣም በ1864 ዓ.ም. በአክሱም አፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

ይህን ስል አፄ ዮሐንስን መውቀሴ አይደለም። በጉንደትና በጉራዕ ግብፅን ድል የመቱ፣ በመተማ ለአገራቸውና ለሃይማኖታቸው የሞቱ ንጉሥ ናቸው። መድፉ ለጎበዜ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ጎበዜም አይተኩሱትም ነበር አልልም። የእኔ ነገር ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ማን ይንገሥ የሚለው ነገር መንገደኛ የሆነ የባዕድ ጦር ጥሎት በሄደው ዕቃ ተመዘነ። ከዚያ ወዲህ መኳንንቱ አንድ ትምህርት ተማሩ፤ የጎረቤትህን ልክ የምታሳየው በባሕር በር በኩል ወዳጅ ስታገኝ ነው የሚል ትምህርት። ይህን ትምህርት ለመርሳት ስንት ዘመን እንደ ፈጀብን፣ ረስተነው እንደ ሆነም፣ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ሁለተኛው ጊዜ ሰው እንኳ አልመጣም። ከብት ነው የመጣው።

ጣሊያን በ1877 ዓ.ም. ምፅዋን ያዘ። ምፅዋ ላይ የሰፈረው ጦር ሥጋ ይፈልጋልና ከውጭ አገር ከብት በመርከብ አስመጡለት። ከከብቱ ጋር ደስታ የሚባለው በሽታ ገባ። (እንዲህ ላለው መቅሠፍት ደስታ የሚል ስም ያወጣው ሰው ምን አስቦ ይሆን እያልሁ ሁልጊዜ እገረማለሁ።) በ1880 ዓ.ም. በሽታው ወደ ደጋው ወጣ፤ ከመቶው ከብት ዘጠናው አለቀ ተብሎ ተጽፏል። ከከተማ የመጣችሁ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ላይገባችሁ ይችላልና ልግለጸው። በእኛ አገር በሬ ማለት ሀብት ብቻ አይደለም። መሬቱ ቁልቁለትና ድንጋያማ ነው፤ በሬ የሌለው ገበሬ መሬት እያለው መሬት የለውም። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ምንም የሌለው ደግሞ ለባለ በሬው ጉልበቱን ሰጥቶ በምላሹ ያሳርሳል። እንዲህ ሆኖ መንደሩ በበሬ ትስስር ይኖራል። በሬው ሲያልቅ ያለቀው እርሻው ብቻ አልነበረም፤ ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ገመድም አብሮ ተበጠሰ። በዚያ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው አሳይተዋል፤ ሕዝቡ ግን በዶማ የሚጠግብ አልሆነም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን ዛሬም «ክፉ ቀን» ይባላል።

ይህን ጣሊያን በክፋት አስቦ አደረገው የሚል ማስረጃ የለም፤ እኔም አልልም። ግን ከክፉ ቀኑ የተጠቀመው ማን እንደ ሆነ እንይ። የውጫሌ ውል የተፈረመው በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ደጋው በረሀብ ሲረግፍ፣ ጣሊያን ወደ አሥመራ ወጥቶ ያዛት። ባለቤቱ የሞተበትን ወይም የተሰደደበትን መሬት ባዶ መሬት ነው ብሎ ከጣሊያን ለሚመጡ ሰፋሪዎች ማከፋፈል ጀመረ። ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. በአከለ ጉዛይ የተነሡት በዚሁ በመሬት ነገር ነው። በሽታው በዚህ አላቆመም። ወደ ደቡብ እየወረደ የማሳይን ከብት ጨርሶ በ1889 ዓ.ም. አካባቢ እስከ አህጉሪቱ ደቡብ ጫፍ ደረሰ፤ በኬንያም እንግሊዞች ከብቱ ያለቀበትን የግጦሽ ምድር ሰው የሌለበት ነው ብለው ለሰፋሪ አደሉት። ስለዚህ ጓደኛዬ የኬንያ ልጆች ጉዳይ ነው ያለው ነገር የኬንያ ልጆችና የዋግ ልጆች በአንድ በሽታ የተነኩበት ነገር ነው። በሽታው ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ፤ እርሱ ረዘም ይልብኛል።

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የዋግንና የላስታን ጦር ይዘው ወደ ተንቤን ዘመቱ። በታኅሣሥ ወር በዓቢ ዓዲ አካባቢ ከሌሎች መኳንንት ጋር ሆነው ጣሊያንን ገፍተው አስለቀቁት። በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ይህ ድል ብዙ ቦታ አልተሰጠውም። በዚያው ወር ነው ጣሊያን መርዙን ማፍሰስ የጀመረው። ራስ እምሩ በተከዜ ዳር ያዩትን መስክረዋል፤ ከአውሮፕላን የወደቀው በርሜል ሲሰበር ቀለም የሌለው ፈሳሽ እየረጨ የነካውን ሰው ገላ አቃጠለው። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1917ቱን የጄኔቫ ስምምነት ያጸደቀ መንግሥት ነበር። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ይህን ማድረጉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በኮረም የነበረው የእንግሊዝ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ደግሞ በየካቲት 1928 በቦምብ ተደበደበ። ኮረም ስትባል ዓለም የሚያስታውሰው የ1977ን ረሀብ ነው። የ1928ን ኮረም፣ ዓይናቸው የታወረና ገላቸው የተላጠ ገበሬዎች ወደ ሐኪሞቹ ድንኳን የተሰለፉባትን ኮረም፣ የሚያነሣ ብዙም የለም።

ሰቆጣ በመጋቢት 1928 በጠላት እጅ ገባች። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ሆነ። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ የካቲት 12 ቀን 1929፤ ከዚያም በግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት መፈጀት። እነዚህን ሁሉም ስለሚያውቃቸው አልዘረዝራቸውም። በ1929 ክረምት ደጃዝማች ኃይሉ በዋግና በላስታ ሕዝቡን አስነሡ። ዐመፁ ብዙ ሳይቆይ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተያዙና ተገደሉ። አንገታቸው ተቆርጦ በኮረም ገበያ ለሕዝብ ታየ። ፎቶግራፉም አለ። ሥልጣኔ ላምጣላችሁ ያለ መንግሥት፣ የሰው ራስ በገበያ ቀን ለሻጭና ለገዢ የሚያሳይ መንግሥት ሆነ።

አሁን ወደ ነገሬ ዋና ቦታ ደርሻለሁ። በዚያ ዘመን ጣሊያን በእኛ ተራራ ላይ የሚያዋጋው ሰው አብዛኛው ጣሊያናዊ አልነበረም። በማይጨው ከፊት ከተሰለፉት መካከል ሁለቱ የኤርትራ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። አርበኛውን በየሸንተረሩ የሚያሳድደውም አስካሪና ባንዳ ነበር። ይህ ዘዴ ለእኛ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ጣሊያን ኤርትራዊውን ወስዶ በሊቢያ አዋጋው፤ ሊቢያዊውን ደግሞ አምጥቶ በኦጋዴን አዋጋው። ፈረንሳይ በአልጄሪያ አርኪ የሚባሉትን አልጄሪያውያን ከወገናቸው ጋር አዋጋች። እንግሊዝም በኬንያ ከማው ማው ጋር ያዋጋችው ኪኩዩን ከኪኩዩ አድርጋ ነው።

ታዲያ ሰዎቹ ለምን ገቡለት? ገንዘብ ስለ ወደዱ፣ ሆዳም ስለ ሆኑ የሚለው መልስ ይቀለናል። የራያንና የአዘቦን ነገር እንመልከት። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዐምፀው ነበርና መንግሥት በኃይል አስገብሯቸዋል፤ ብዙ ሰው ሞቷል፣ ከብትም ተነድቷል። በ1928 ጣሊያን ጠመንጃና ብር ይዞ መጣላቸው። ከማይጨው በፊት ንጉሠ ነገሥቱም ስጦታ ሰጥተዋቸዋል፤ ሁለቱንም ተቀበሉ። በመጨረሻ ግን የሚያፈገፍገውን ጦር ከኋላው ወጉት። ይህን ክህደት ነው የሚል ሰው ከጥቂት ዓመት በፊት በገዛ መንግሥታቸው ምን እንደ ደረሰባቸው አብሮ ሊናገር ይገባዋል። ጣሊያን ቂሙን አልፈጠረውም። ቂሙ የእኛ ነበር። ጣሊያን ያደረገው ቂሙ የት የት እንዳለ አጥንቶ ዋጋ ማውጣት ነው።

ማጥናቱንም አስቀድሞ ነበር የጀመረው። ከጦርነቱ በፊት በዓድዋ፣ በጎንደር፣ በደሴና በደብረ ማርቆስ የጣሊያን ቆንስላዎች ነበሩ። አንድ ቆንስል በደብረ ማርቆስ ምን ንግድ አለው? የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር በርስት እንደ ተጣላ፣ የትኛው ባላባት ሹመት እንደ ተነፈገ ይጽፉ ነበር። ዕውቀት በራሱ ክፉ አይደለም፤ እኔ ራሴ በኽምጥኛ ላይ የተጻፈ ነገር ስፈልግ ያገኘሁት በቪየና በ1876 ዓ.ም. አካባቢ ሊዮ ራይኒሽ ያሳተመውንና በኤርትራ የቅኝ ግዛት ሹም የነበረው ኮንቲ ሮሲኒ በ1897 አካባቢ ስለ አበርገሌ ኽምጥኛ የጻፈውን ነው። የእናቴን ቋንቋ ሰዋስው ከፈረንጅ መጽሐፍ ሳነብ ምስጋናና እፍረት አንድ ላይ ተሰሙኝ። የዋግ ልጆች በትምህርት ቤት በኽምጥኛ መማር የጀመሩት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። እነርሱ ስለ እኛ የሚያውቁትን ያህል እኛ ስለ ራሳችን አለማወቃችን፣ ይህም አንዱ የተገዢነት መልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

«መንገድ ሠርተውልናል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ዛሬም ከኋላ ወንበር ሳይነሣ አይቀርም። ሠርተዋል። መንገዱ ከአሥመራ በመቀሌ፣ በአላጌ፣ በማይጨው፣ በኮረምና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ጦር የሄደበት መንገድ ነው፤ መድፍ የሚያልፍበት ስለ ሆነ ተሠራ። ሰቆጣ ከዚያ መንገድ ወደ ምዕራብ ርቃ ቀረች። ከዚያ በኋላ የመጣው ንግድ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ሁሉ መንገዱን እየተከተለ ሄደ። አንድ የሮማ መሐንዲስ በካርታ ላይ ያሰመረው መስመር የትኛው ወረዳ ልጅ በእግሩ ሁለት ቀን ሄዶ ይማር፣ የትኛው በደጁ ይማር የሚለውን ለብዙ ዘመን ወሰነ። ደግሞ ሌላ መስመርም አስምረዋል። በ1928 ባወጡት የግዛት ሕግ አገራችንን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ቀላቅለው በዘርና በቋንቋ ሚዛን በ6 ከፈሏት፤ ትግራይን ከኤርትራ ጋር አደረጓት። ካርታው 5 ዓመት ነው የኖረው፤ ክርክሩ ግን አልሞተም።

ስለ ካሣ ብዙ አልልም። መንግሥታችን ከጦርነቱ በኋላ ለፓሪሱ ጉባኤ ባቀረበው መዝገብ 760,300 ሰው እንደ ሞተ አመለከተ። ጣሊያን በ1939ኙ የሰላም ውል መሠረት እንዲከፍል የተፈረደበት 25 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ የቆቃ ግድብ የተሠራው ከዚሁ ገንዘብ ነው። ግራዚያኒም በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት ቆሟል፤ ግን ለጀርመን ስላደረ ነው እንጂ በእኛ ላይ ስላደረገው አይደለም።

የቀረን ቅርስ አንድ ቃል ነው። ባንዳ። ቃሉ የእኛ አይደለም፤ የጣሊያን ነው፤ ጭፍራ ማለት ነው። በእነርሱ አፍ የአንድ ዓይነት ጦር ስም ነበር። በእኛ አፍ ግን የዘር ስም ሆነ። እዚህ ግቢ ውስጥ ባለፈው ወር በተደረገ ክርክር ላይ ስንት ጊዜ ተባባልነው? ስለ ምርጫ ስንከራከር፣ ስለ ቋንቋ ስንከራከር፣ ስለ መኝታ ቤት ድልድል እንኳ ስንከራከር ተባብለናል። ጣሊያን ከወጣ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ የተወለደበትን መንደር ስም ብቻ ሰምተን ሰውን ባንዳ እንላለን። አልተገዛንም የሚለው ኩራታችን ራሱ ይህን ቀላል አድርጎልናል። አልተገዛንም ካልን፣ ተገዝቶ የነበረ ሰው ካለ እርሱ ከእኛ ወገን አይደለም ማለት ነው። እንግዲያስ እርሱን ለይተን ማውጣት ብቻ ይቀረናል። በቅኝ የተገዛ ሕዝብ ግን ይህን ሒሳብ በግልጽ ያውቀዋል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ነበሩና።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ልጨርስ። የዛሬ ሁለት ክረምት አገሬ ሄጄ ሳለሁ ሁለት የሰፈራችን ጎረምሶች ተጣሉ። የጠቡ ምክንያት ፍየል ነው፤ የአንዱ ፍየሎች ገብተው የሌላውን ማሽላ በሉበት። ባለ ማሽላው «ድሮም የባንዳ ዘር!» አለው። ዱላ ተነሣ፤ ሰው ገብቶ ገላገላቸው። ማታ አንድ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አባት ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ የዚያ ልጅ ቅድመ አያት እውነት ባንዳ ነበሩ?»

«ነበሩ» አሉኝ። «ለምን እንደ ሆኑስ ጠየቅህ ወይ ልጄ?»

አልጠየቅሁም። አባታቸው የነገሯቸውን እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ። ጣሊያን ሳይመጣ በፊት ሁለቱ ቤቶች በወሰን ተጣልተው ደም ገብቷቸው ነበር። ጣሊያን ሲመጣ ከአንደኛው ቤት ታላቁ ልጅ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገባ። የሌላው ቤት ሰው ይህን ባየ ጊዜ ፈራ፤ ያ ሰው በአርበኛ ስም ጠመንጃ ይዞ ተመልሶ ደሙን ይመልስብኛል ብሎ አሰበ። ስለዚህ ምሽግ ወርዶ ከጣሊያን ምንሽር ተቀበለ። «ጣሊያንን ወዶ አይምሰልህ፤ ጎረቤቱን ፈርቶ ነው» አሉኝ። የእኅቱ ልጅ ግን ከአርበኞቹ ጋር ነበርና ሌሊት ሌሊት ጨውና ጥይት ይልክ ነበር። ቀን ባንዳ፣ ሌሊት አርበኛ ሆኖ ከረመ። በጊዜው እንዲህ ያለ ሰው ብዙ እንደ ነበረ ነገሩኝ።

«ጣሊያን ሲወጣስ?»

«ሲወጣማ ሽማግሌ ተቀመጠ። ደሙ በካሣ አላልቅ ስላለ በጋብቻ ይድረቅ ተባለ። የባንዳው ልጅ ለአርበኛው ልጅ ተዳረች። ዛሬ የተጣሉት ሁለቱም የዚያች ሴት የልጅ ልጆች ናቸው፤ አንዱ በወንድ ልጇ፣ አንዱ በሴት ልጇ።»

በማግስቱ ባለ ማሽላውን መንገድ ላይ አገኘሁትና «የሰደብኸውኮ ያንተንም ቅድመ አያት ነው» ብዬ ታሪኩን ሁሉ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ። ይህን ከዚያ በፊት የነገረው ሰው አልነበረም። ከዚያም ወደ ማሳው እያየ «እሺ፤ ፍየሎቹ ግን ማሽላዬን በልተዋል» አለኝ።

ለጥያቄ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ ላቁም።